ቴይት ሞደርንን እንዴት እንጎብኝ? ለንደን ለሚመጣ ሰው የግማሽ ቀን መመሪያ

ዘመድ ለንደን ሲመጣ ምን ማየት እንደሚፈልግ ይታወቃል። ቢግ ቤን፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ታወር ድልድይ። እነሱን አሳይቼ ስጨርስ እኔ ደግሞ አንድ ግማሽ ቀን እለምናለሁ። ቴይት ሞደርን የተባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ልወስዳቸው። መልሱ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። «እኔ እኮ ዘመናዊ ሥዕል አይገባኝም።»

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ለሚል ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየን ያደግን ሰዎች ነን። በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት የሚያየን ጻድቅ ነው። በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉ ነው። ይህን ማንም መጽሐፍ ላይ አላነበበውም። እናቱ ወይ አያቱ በጣት እያሳዩ ነገሩት። ስለዚህ ሥዕል ማንበብ እንችላለን። እዚህ የሚቀየረው ምልክቱ ነው፣ ትዕግሥቱ ያው ነው።

1. ከቤት ሳትወጡ

ቋሚ ስብስቡን ለማየት አይከፈልም። በበሩ ገብቶ መሄድ ነው። የሚከፈለው ለልዩ ኤግዚቢሽኖች ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ልዩ ኤግዚቢሽን አልመክርም። ነጻው ብቻ ለብዙ ቀን ይበቃል። ልጆቻችሁ ከ16 እስከ 25 ዓመት ከሆኑ ግን «ቴይት ኮሌክቲቭ» የሚባል ነጻ አባልነት አለ። ድረ ገጹ ላይ ይመዝገቡ። ልዩ ኤግዚቢሽን በ5 ፓውንድ ይገባሉ።

ሙዚየሙ በ10 ሰዓት ይከፈታል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። የመዝጊያው ሰዓት ከቀን ቀን ስለሚለያይ በዚያው ሳምንት ድረ ገጹን እዩ። ከታኅሣሥ 24 እስከ 26 በፈረንጅ አቆጣጠር ዝግ ነው። ሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ስለሚበዛ ቆሞ ማየት ይከብዳል።

ድረ ገጹን ስትከፍቱ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ትልቁ ተርባይን አዳራሽ ውስጥ በዚያ ሰሞን ምን ቆሟል? ሁለተኛ፣ ልታዩት የምትፈልጉት ሥራ ተሰቅሏል ወይ? ሥዕሎች ይወርዳሉ፣ ሌላ ሙዚየም በውሰት ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ከታች የምጠቅሳቸውም ሁሌ እዚያ አይገኙም።

ከዚያ ሦስት ሥራ ምረጡ። ሦስት ብቻ። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ሁሉንም ለማየት ከክፍል ክፍል ሮጥኩ። ማታ ቤት ገብቼ ምን አየሽ ስባል አንድም መናገር አልቻልኩም። እግሬን ግን አመመኝ። አሁን ሦስት መርጬ ነው የምሄደው። በመንገድ ላይ ሌላው ራሱ ይጠራኛል።

ጫማችሁ ምቹ ይሁን። ወለሉ ሲሚንቶና እንጨት ነው፤ ሰዓታት ቆሞ መዋል አለ።

2. መንገዱ

በባቡር ሦስት አማራጭ አለ። ብላክፍራየርስ፣ ሴንት ፖልስ፣ እና «ሳውዝዋርክ» ተብሎ የሚነበብ የሚመስለው ጣቢያ። የመጨረሻውን የለንደን ሰው «ሰዘርክ» ነው የሚለው። ይህን ያዙት፤ መንገድ ስትጠይቁ ይጠቅማችኋል። ኋላም እመለስበታለሁ። ለመክፈል ኦይስተር ካርድ ወይም ያለ ፒን የሚነካ የባንክ ካርድ ይበቃል።

ጉልበቱ ደህና ለሆነ ሰው ምርጫዬ ሴንት ፖልስ ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ ትልቁን ካቴድራል ዙሩት። ከፊታችሁ ቴምስን የሚሻገር የእግረኛ ድልድይ አለ፣ ሚሌኒየም ድልድይ። ሰኔ 2000 ሲከፈት ሕዝቡ ሲራመድበት ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ። ከሁለት ቀን በኋላ ዘጉት። ማርገቢያ ተገጥሞለት እንደገና የተከፈተው በ2002 ነው። አሁን አይነቃነቅም፤ አክስቴን ይዤ ተሻግሬዋለሁ።

ድልድዩ መሐል ላይ ቁሙ። ከፊት ለፊታችሁ ጡብ የለበሰ ግዙፍ ሕንጻ አለ። መሐሉ ላይ 99 ሜትር የሚረዝም ጭስ ማውጫ ቆሟል። ከኋላችሁ የካቴድራሉ ጉልላት አለ። ጭስ ማውጫው ከጉልላቱ እንዳይበልጥ ተብሎ ነው ዝቅ ተደርጎ የተሠራው። ወደ ሙዚየሙ ለመግባት ይህን ያህል የሚያምር መንገድ ሌላ ቦታ አላውቅም።

ሕንጻው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። የነደፈው ጊልስ ጊልበርት ስኮት ነው፤ የለንደንን ቀይ የስልክ ሳጥን የነደፈውም እሱ ነው። ማመንጫው በ1981 ተዘጋ። ለዓመታት ባዶውን ቆመ። ሄርዞግ እና ደ ሜሮን የተባሉ የስዊዘርላንድ አርክቴክቶች ወደ ሙዚየም ቀየሩትና በግንቦት 2000 ተከፈተ። በ2016 ደግሞ ከጎኑ ባለ ዐሥር ፎቅ አዲስ ሕንጻ ተጨመረ።

3. በየት በኩል መግባት?

ከድልድዩ የሚወርደው ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ባለው የወንዝ ዳር በር ይገባል። እናንተ ወደ ቀኝ ታጠፉና ሕንጻውን ዙሩት። በምዕራብ በኩል በሆላንድ ጎዳና ሌላ በር አለ። እዚያ ስትገቡ ወለሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ሰፊ ቁልቁለት ነው። ደረጃ ስለሌለው ለተሽከርካሪ ወንበርም ለሕፃን ጋሪም ይመቻል።

ቁልቁለቱን ስትወርዱ ጣሪያው ከላያችሁ እየራቀ ይሄዳል። 35 ሜትር ከፍታ ነው። ርዝመቱ ከ150 ሜትር በላይ። ተርባይኖቹ የነበሩት እዚህ ነው። ድምፃችሁ ሲመለስ ትሰማላችሁ። አትቸኩሉ። አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁሙ።

በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ትልቅ ሻንጣ ይዞ መግባት አይቻልም፣ ሆቴል ተዉት። ካፖርትና የእጅ ቦርሳ ማስቀመጫው ጋ ስጡ። ካፖርት በእጅ ይዞ ሥዕል ማየት ያታክታል። መጸዳጃ ቤቱን አሁኑኑ እወቁት። ካርታ ያዙ።

4. ወለሉን እዩ

ይህን ክፍል ማንም መመሪያ አይነግራችሁም ብል ማጋነን ይሆናል። ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል።

ተርባይን አዳራሹ ውስጥ በየጊዜው አንድ አርቲስት ይጋበዝና አዳራሹን የሚሞላ ሥራ ይሠራል። በ2003 ኦላፉር ኤሊያሰን ትልቅ የጠለቀች ፀሐይ የመሰለ ብርሃን ሰቀለ። ጣሪያውን በመስታወት ሸፈነው። ሰዉ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ራሱን ላይ ያይ ነበር። በስድስት ወር ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። በ2010 አይ ዌይዌይ መቶ ሚሊዮን የሱፍ ፍሬ ወለሉ ላይ አፈሰሰ። እያንዳንዱ ፍሬ ከሸክላ በእጅ ተሠርቶ በእጅ የተቀባ ነበር። በ2023 የጋናው ኤል አናትሱይ በሺዎች የሚቆጠሩ የመጠጥ ጠርሙስ ቆርኪዎችን በሽቦ እያያያዘ እንደ መጋረጃ ዘረጋቸው። ሁሉም ሥራ ወራት ቆይቶ ይነሳል።

አንዱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተነሣም።

አክስቴን፣ እቴቴን፣ ይዤ የሄድኩ ቀን ነው። ቁልቁለቱን ወርደን አዳራሹ ውስጥ ስንሄድ እሷ አንገቷን ደፍታ ነበር። እኔ ጣሪያውን አሳያታለሁ፣ እሷ ወለል ታያለች። ሲሚንቶው ላይ ረጅም ጠባሳ አለ። የተደፈነ ስንጥቅ ነው። ቀጭን ሆኖ ይጀምራል፣ ይጣመማል፣ ይሰፋል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። አጎንብሳ በጣቷ ነካችው። የተሞላው ሲሚንቶ ከቀረው ትንሽ ይለያል።

«ይሄን የሚያህል ሕንጻ ሠርተው ወለሉን መጠገን አቃታቸው?» አለችኝ።

ነገርኳት። በ2007 ዶሪስ ሳልሴዶ የምትባል ኮሎምቢያዊት የዚህን አዳራሽ ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቀችው። 167 ሜትር። ሥዕል አልሰቀለችም፣ ሐውልት አላቆመችም። ስንጥቁ ብቻ ነው ሥራው። ጎንበስ ብሎ ውስጡን ላየ ሰው የአጥር ሽቦ ይታየው ነበር። አውሮፓ የሚመጣ ስደተኛ የሚያጋጥመውን መለያየት፣ ዘረኝነትን፣ ድንበርን ነው ያሰበችው። ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ስንጥቁ ተሞላ። ጠባሳው ግን ቀረ።

«ስሙ ምንድን ነው?» አለች።

«ሺቦሌት።»

እቴቴ ቀና አለች። ከዚያ በኋላ አስረጂዋ እሷ ሆነች። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ። የሚሸሽ የኤፍሬም ሰው ሲመጣ «ሺቦሌት በል» ይሉታል። ኤፍሬማዊ «ሺ» ማለት አይሆንለትም። «ሲቦሌት» ይላል። ይዘው እዚያው ያርዱታል። 42 ሺህ ሰው በአንድ ፊደል አለቀ። ይህን ሁሉ ስንጥቁ ላይ ቆማ ነገረችኝ። አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰውዬ አጠገባችን ቆሞ አማርኛዋን ያዳምጥ ነበር።

ስለዚህ እናንተም ወለሉን እዩ። ጠባሳውን ተከትላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ። ይህ ከሦስቱ ምርጫችሁ ውስጥ አይቆጠርም።

5. ወደ ላይ፦ ሦስት ሥራ፣ ለእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት

ሙዚየሙ ሁለት ሕንጻ ነው። በወንዙ በኩል ያለው የድሮው ናታሊ ቤል ይባላል፣ ከኋላ ያለው አዲሱ ብላቫትኒክ። በአንደኛና በአራተኛ ፎቅ በድልድይ ይገናኛሉ። መሬቱ ዜሮ ተብሎ እንደሚቆጠር አትርሱ። በድሮው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ጀምሩ። ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ፣ ሊፍትም አለ።

እንዴት እንደማይ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከሩቅ። ከዚያ እስከተፈቀደው መስመር ድረስ እጠጋለሁ። ከዚያ እንደገና እርቃለሁ። ጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ የማነበው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድማችሁ ካነበባችሁ ዓይናችሁ የሚፈልገው የተነገረውን ብቻ ይሆናል። ለራሳችሁ የምታቀርቡት ጥያቄ ቀላል ይሁን። ከምን ተሠራ? ስንት ቀን ፈጀ? ምን አስታወሰኝ? ጽሑፉን ስታነቡ የትውልድ ቦታና ዓመት ላይ ቆም በሉ። ቁሳቁሱንም አንብቡ። ግማሹ መልስ እዚያ ነው።

ሦስቱን ከእነዚህ መሐል ብትመርጡ ደስ ይለኛል።

*የጁሊ ምሕረቱ «ሞጋማ»።* ጁሊ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር አሜሪካ የሄደች ሠዓሊ ናት። ሞጋማ በካይሮ ታህሪር አደባባይ ላይ ያለው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረው ግዙፍ ሕንጻ ስም ነው። ሥራው አራት ሸራ ነው፤ ቴይት ያለው ሦስተኛው ነው። የተሠራው በ2012፣ ከታህሪሩ አብዮት ማግስት። አንዱ ሸራ አራት ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ከሩቅ ጭስ ነው የሚመስለው፣ ወይም አውሎ ነፋስ። ስትጠጉ መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ ታያላችሁ። መስኮት፣ ዓምድ፣ ደረጃ፣ እንደ አርክቴክት ንድፍ በቀጭን ቀለም የተሠመረ። ከላዩ ደግሞ የእጅ ጭረት፣ ጥቁር ምልክት፣ የተፋቀ ቦታ። ሕዝብ የተሰበሰበባቸው ሌሎች አደባባዮችም ንድፋቸው እዚህ ሥራ ውስጥ ገብቷል። የኛ መስቀል አደባባይ አንዱ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ ደመራ አይታችሁ፣ ሰልፍ ወጥታችሁ ወይም ሮጣችሁ ካወቃችሁ እዚህ ሸራ ፊት እንደ እንግዳ አትቁሙ።

*የሲልዶ ሜይሬሌስ «ባቤል»።* ብራዚላዊ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሬዲዮኖች ክብ ሆነው ተደራርበው ማማ ሠርተዋል። ከታች ትልልቆቹ የድሮ የእንጨት ሬዲዮኖች ናቸው፣ ወደ ላይ ሲሄድ እያነሱ ይመጣሉ። ሁሉም ተከፍተዋል። ሁሉም የተለያየ ጣቢያ ላይ ናቸው። ክፍሉ ጨለም ይላል። ለመስማት ስትገቡ መጀመሪያ ጫጫታ ነው። ቆይታችሁ አንዱ ሬዲዮን ጋ ጆሯችሁን ስታቀርቡ ዘፈን ወይም ዜና ይለያል። ስታፈገፍጉ እንደገና ይዋጣል። የባቢሎንን ግንብ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የአያቶቻችሁ ቤት ትልቅ የእንጨት ሬዲዮን የነበረ ከሆነ ታች በኩል ፈልጉ፣ መሳዩን አታጡም።

*የኢብራሂም ኤል ሳላሂ ሥዕሎች።* ሱዳናዊ ነው፣ በ1930 ኦምዱርማን የተወለደ። ለንደን ተምሮ ወደ አገሩ ሲመለስ ሥዕሉን የሚያይለት ሰው አጣ። ከዚያ በኋላ የአረብኛ ፊደልና የአፍሪካ ቅርጾችን ማዋሐድ ጀመረ። በ1975 ያለ ፍርድ ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ በድብቅ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይሥል ነበር። ቴይት ሞደርን በ2013 የሕይወት ዘመን ሥራውን አሳይቶለታል። የጎረቤታችን ሰው ነው፣ እዩለት።

*የማርክ ሮትኮ ጥቁር ቀይ ሥዕሎች።* በ1958 ኒው ዮርክ ላለ ውድ ሬስቶራንት ታዝዞ ጀመራቸው። ኋላ ሐሳቡን ቀየረና ገንዘቡን መለሰ። ዘጠኙን ለቴይት ሰጠ። ሥዕሎቹ ለንደን የደረሱት የካቲት 25 ቀን 1970 ነው፤ እሱ ሞቶ የተገኘውም በዚያው ቀን ነው። ከተሰቀሉ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ነው ያለው። ገብታችሁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ምንም አይታይም፣ ጥቁር ብቻ። አምስት ደቂቃ ታገሡ። ዓይን ሲለምድ ከጥቁሩ ውስጥ ቀይ ይወጣል፣ ከቀዩ ውስጥ ሐምራዊ። ቅዳሴ መሐል ዓይኑን ጨፍኖ የቆመ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

የማትወዱትም ይገጥማችኋል። የካርል አንድሬ 120 ጡቦች አሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ በሁለት ንብርብር መሬት ላይ የተደረደሩ፣ የ1966 ሥራ። ቴይት በ1972 ሲገዛው ማንም ምንም አላለም። በ1976 ጋዜጦች «በሕዝብ ገንዘብ ጡብ ተገዛ» ብለው አገር አተራመሱ። እኔም አልወደድኩትም። አለመውደድ ይፈቀዳል። ግን ለምን እንዳልወደዳችሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሞክሩ። ያ ሙከራ ራሱ ማየት ነው።

6. ሥነ ሥርዓት

ፎቶ ያለ ፍላሽ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ የተከለከለበት ምልክት አለ። አትንኩ። ወለል ላይ የተሠመረውን አትለፉ። በ2012 አንድ ሰው ከሮትኮ ሥዕሎች አንዱ ላይ በቀለም ጻፈበት፤ ለመጠገን ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ጠባቂዎቹ ስለዚህ ንቁ ናቸው። ግን ጠይቋቸው። አብዛኞቹ ስለ ሥራዎቹ ማውራት ይወዳሉ።

7. ልጅ ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ

በየመሐሉ መቀመጫ አለ። በቂ ካልሆነ መረጃ ጠረጴዛው ጋ ጠይቁ፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ያውሳሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማረፍ ግዴታ ነው። ካፌው ዋጋው ቀላል አይደለም። ቀኑ ብሩህ ከሆነ ምግብ ቋጥራችሁ ወንዙ ዳር ሣር ላይ መብላት ይሻላል። ቦሮ ገበያም በእግር ቅርብ ነው።

ልጆች ተርባይን አዳራሹ ውስጥ እንደልባቸው መንቀሳቀስ ይችላሉ። መጀመሪያ እዚያ ይፈንጥዙ፣ ከዚያ ወደ ክፍሎቹ ውጡ።

አዲሱ ሕንጻ አናት ላይ ከተማውን የሚያሳይ ሰገነት አለ። ፊት ለፊቱ ግድግዳቸው መስታወት የሆነ መኖሪያ ቤቶች አሉ። ነዋሪዎቹ ጎብኚ ሁሉ ሳሎናችንን ያያል ብለው ከሰሱ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2023 ነዋሪዎቹ ረቱ። ስለዚህ ሰገነቱ ክፍት መሆኑንና በየት በኩል ማየት እንደሚቻል በዕለቱ ጠይቁ።

8. ስትወጡ

ካፖርታችሁን አትርሱ። ከመውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ሥራ ስማቸውን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ከየአንዳንዱ አንድ ያስገረማችሁን ነገር ጨምሩ። ወደ ቤት ስትደርሱ አብራችሁ ለሄደው ሰው አንብቡለት። እሱ ያየው ሌላ ይሆናል።

እኔና እቴቴ የዚያን ቀን ጉልበቷ ስለደከመ ድልድዩን ትተን በቅርቡ ጣቢያ ሄድን። ጠዋት ስንመጣም በዚያው ነበር። ጠዋት እኔ ቲኬት ላይ ሳለሁ እሷ አንድ መንገደኛ ሴትዮ ጠይቃ ነበር። «ሳውዝዋርክ» አለቻት፣ እንደተጻፈው። ሴትዮዋ አልገባትም። ሦስት ጊዜ ደገመችላት። አልገባትም። እቴቴ ዝም ብላ ወደ እኔ መጣች።

ማታ ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ቆመች። ምልክቱን ቀና ብላ አየችው።

«ሰዘርክ» አለች ቀስ ብላ። «ሰዘርክ።»

ከዚያ ክንዴን ያዘች። «እንግዲህ አሳልፉኝ» አለችና ካርዷን በሩ ላይ ነካች።